ሰባተኛው ድስት

ሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠዋት 3 ሰ.፣ ላብራቶሪ

እጄ አሲድ አሲድ ይሸታል። ሃያ አራት ብልቃጥ ታጥቧል፣ ስድስት ይቀራል። እትዬ አስቴር ማሽኑን እያሞቁ ነው። የላቡ ቴክኒሻን ናቸው። መምህራኑ የማሽኑን ስም ያውቃሉ፣ ጠባዩን የሚያውቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። መብራት ካልሄደ ዛሬ አሥራ ሁለቱንም ናሙና እለካለሁ።

አዲስ ደብተር ነሽና ላስረዳሽ። የማስተርስ ጥናቴ ድስት ነው። አዎ፣ ድስት። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ተቀልጦ መርካቶ የሚሠራው፣ ስንቱ ቤት ወጥ የሚሠራበት። ሆምጣጤ የገባበት ውሃ ሁለት ሰዓት አፈላበታለሁ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ምን ያህል እርሳስ እንደወጣ ማሽኑ ይነግረኛል። እርሳስ ስልሽ ብረቱን ነው፣ መርዙን።

አማካሪዬ ዶ/ር መስፍን መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀ። (ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።) ድስት ምን ኬሚስትሪ አለው፣ እንደ ጓደኞችሽ የመድኃኒት ቅጠል ውሰጂ አለኝ። አልፈልግም አልኩ። የድስት ሠሪ ልጅ ነኝ፣ የማውቀውን ነው የማጠናው። የጥናት ዕቅዴን አራት ጊዜ መለሰብኝ። አምስተኛው አለፈ።

ከአሥራ ሁለቱ ድስት አሥራ አንዱ ከተለያየ ሱቅ የተገዛ ነው። ሰባተኛው የአባዬ ነው፤ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ከሸሪኩ ከጋሽ ከድር ጋር ከሚሠራበት ቤት ያመጣሁት። ስለምኮራበት ነው ያስገባሁት። ንጹሕ እንደሚሆን አውቃለሁ።

ዛሬውኑ፣ 10፡40

ተለካ። ሰባት ከሁሉም በላይ ነው።

ተሳስቼ ነው። ብልቃጡ ቆሽሾ ይሆናል። እደግመዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ደገምኩ። ሦስት ጊዜ። ድስት ያልነካው ውሃ ንጹሕ ነው፣ ማሽኑ ልክ ነው። በሁለቱ ድስቶች ምንም የለም፣ በሌሎቹ ትንሽ ትንሽ። ሰባት ግን አሁንም አናት ላይ ተቀምጧል፣ ከተከታዩ በጣም ርቆ።

እትዬ አስቴር ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ልጄ ፊትሽ አመድ መሰለ፣ ቁጭ በዪ አሉኝ። የማን እንደሆነ ነገርኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ፦ "በይ አሁን ሂጂና ምሳሽን ብዪ። በየትኛው ድስት እንደተሠራ ግን ጠይቂ።" ሳቅኩ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ቤት ስደርስ እማዬ ለኢማን አጥሚት እያፈላች ነው። ኢማን የእህቴ ልጅ ናት፣ ሁለት ዓመቷ። በአባዬ ድስት! አንስቼ ደፋሁት። እማዬ አበድሽ ወይ አለችኝ። ዝንብ ገብቶበታል አልኩ።

ዋሸሁ። ሁለተኛ አይደገምም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6። 8 ሰ.

ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። አሁን ነው ከዶ/ር መስፍን ቢሮ የወጣሁት። ተናድጃለሁ። ፍርሃት አይደለም። እንደዚያ ብዬ ልጽፈው።

ሰንጠረዡን አየ። መነጽሩን አወለቀ። ሰባትን አውጪው አለ፤ ከሌሎቹ በጣም የራቀ ስለሆነ ስህተት ይመስላል። ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ አልኩ። መደበቅ ስለማልፈልግ የማን እንደሆነም ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። እንደውም አሁን በቂ ምክንያት ተገኘ አለ፤ የገዛ አባትሽን ዕቃ አትመረምሪም፣ የጥቅም ግጭት ነው፣ አውጪው።

"ዶክተር፣ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ አውጪው ይሉኝ ነበር?"

የወረቀቱን ጠርዝ በጣቱ ማስተካከል ጀመረ።

ክፉ ሰው አይደለም። ነገ ስናደድ እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪው ስለ ምግብ ዘይት የሠራው ጥናት ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ እሱ ከቢሮ ቢሮ ሲጠራ ከርሟል። ራሱ ነው ያጫወተኝ። ጡረታው ደርሷል። ሰላም ነው የሚፈልገው። ይገባኛል።

ግን አላወጣውም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ነገርኩት።

ከቁርስ በኋላ፣ ሁላችንም ባለንበት። ሁለት ቀን ሙሉ ቃል ሳዘጋጅ ነበር፤ አንዱም ትዝ አላለኝም። አባዬ ድስትህ ውስጥ እርሳስ አለ አልኩ፣ እንዲሁ ድንገት። እማዬ የሚጻፍበት እርሳስ መስሏት ሳቀች። አባዬ አልሳቀም። እሱ ብረት ያውቃል።

"በዚህ ድስት ነው ያሳደግኩሽ" አለ። "አንቺንም እህትሽንም። የተማርሽው በዚህ ድስት ነው። ማን ሞተ?"

"ቶሎ አይገድልም አባዬ። የሚብሰው ሕፃን ላይ ነው። ጭንቅላቷን ነው የሚጎዳው።"

ጭንቅላቷን አልኩ፣ አመለጠኝ። ዓይኔ ኢማን ላይ አረፈ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የድስት ክዳን በማንኪያ ትደበድባለች። የአባዬ ዓይን የኔን ተከትሎ እሷ ላይ ደረሰ።

ተነሳ። ጃኬቱን ለበሰ። ወጣ። እሑድ ሥራ የለውም፣ የት እንደሄደ አላውቅም።

እማዬ ድስቶቹን ከመደርደሪያው አንድ በአንድ አውርዳ በሩ ጋ ቆለለቻቸው። ትንሿን ግን ቶሎ አላስቀመጠቻትም። ስንጋባ ሠርቶ የሰጠኝ ይቺን ነው አለች። ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትሰድበኛለች፤ ቀን መርጠሽ፣ አፍ መርጠሽ አትናገሪም ወይ፣ አባትሽን እንዲህ በልጆቹ ፊት! ስድቡ ይገባኛል። መልሼ ብነግረው ግን ያንኑ ነው የምለው።

የኢማንን ደም የሚመረምርልን ቦታ ስጠይቅ ዋልኩ። የደወልኩላቸው ሁሉ እርሳስ አንመረምርም አሉ። መጠየቄን አላቆምም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ከተማው በሙሉ ጭስ ነው። ኅዳር ሲታጠን ነዋ፣ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ከሲኒማ ራስ እስከ ሥራ ቤቱ ዓይኔን እያሸሁ ሄድኩ። ተሸካሚው ዞር በሉ ይላል፣ ማን ማንን ያያል።

አባዬ ካናገረኝ አራት ቀኑ። እሱ ካልመጣ እኔ ልሂድ ብዬ ነው። ጥግ ላይ ጀሪካን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ወደ ምድጃው የሚገባውን ሁሉ እጽፋለሁ፦ የሞተር ስባሪ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የለስላሳ ቆርቆሮ፣ ፒስተን። ከዚያ ራዲያተር፣ እንዳለ። ቱቦዎቹ የተበየዱበት ማጣበቂያ ብረት፣ ስታኞው እንኳ አልተላቀቀም። ስታኞ ማለት እኮ ግማሹ እርሳስ ነው! ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

ጋሽ ከድር አዩኝ። የአባዬ ሸሪክ ናቸው። ከወሎ አብረው መጥተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ትንሽ ሆኜ ትከሻቸው ላይ አድርገው መርካቶን ያዞሩኝ ነበር። ዛሬ ሌላ ሰው ሆኑ።

"ሐያት፣ የተማርሽው የኛን ጉሮሮ ልትዘጊ ነው?"

"አይደለም ጋሼ። ያንን ስታኞ ልመረምረው ነው።"

"ይሄ ወሬ ከወጣ ሴቱ ሁሉ ዱባይ ተራ ሄዶ የቻይና ድስት ነው የሚገዛው። አባትሽ በዚህ ዕድሜው ምን ይሁን? ዘበኛ?"

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ሌሊት ሌሊት እኔም ራሴን የምጠይቀው። ብቻ አልተንቀሳቀስኩም። ውጪልኝ አሉ። አልወጣም አልኩ። ክንዴን ሊይዙኝ እጃቸውን ዘረጉ።

አባዬ ጀርባውን ሰጥቶን የሻጋታውን አሸዋ እየጠቀጠቀ ነበር። ሳይዞር፦

"ተዋት።"

በአራት ቀን ከአፉ የሰማሁት ይህቺን ብቻ ነው። ከየዓይነቱ አንዳንድ ቁራጭ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16። ላብ

መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርን። እትዬ አስቴር ምሳቸውን ትተው ቆዩልኝ።

ቆርቆሮው ንጹሕ ሊባል ይችላል። የመስኮት ፍሬሙም። የሞተር ስባሪው መካከለኛ። ስታኞ ያለበት የራዲያተሩ ጫፍ ግን! ማሽኑ ሊለካው አልቻለም፤ ናሙናውን ደጋግሜ በውሃ ማቅጠን ነበረብኝ። እንደዚያም ሆኖ ይጮሃል።

ገባሽ? ጥፋቱ የአባዬ እጅ አይደለም። ምድጃው አይደለም፣ አሸዋውም አይደለም። የሚገባው ነው። የሚገባው ደግሞ ሊመረጥ ይችላል!

ቤት ሮጬ ገባሁ። ራት ላይ ነገርኩት። አቀርቅሮ ሰማኝ። ራዲያተር ቶሎ ይቀልጣል፣ ብዙ ይሞላል አለ፤ ሌላውን እየለቀምኩ ብል አንድ ድስት ቀን ይፈጃል። በስምንት ቀን መጀመሪያ ያናገረኝ በዚህ ነው፣ በክርክር። ደስ አለኝ። አንድ ብቻ ሥራልኝ፣ ለሙከራ፣ አልኩት። እጁን ሊታጠብ ተነሳ። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

አባዬ ዩኒቨርሲቲ መጣ!

ስልክ ተደወለልኝ፣ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ጥበቃዎቹን አስቸግሯል ተባልኩ። ወረድኩ። ከጁምዓ ሶላት በቀጥታ ነው የመጣው፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ። መታወቂያ አምጣ ይሉታል፣ እሱ ልጄ እዚህ ናት ይላል። በዚህ በር ስድስት ዓመት ስገባ ስወጣ አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም።

"ይኸውልሽ" አለኝ።

በጋዜጣ የተጠቀለለ ድስት። ፍሬምና ቆርቆሮ ብቻ ነው አለ። ብቻውን ለቅሞ፣ ብቻውን አቅልጦ። ጋሽ ከድር በዚህ አላግዝም ብለው ወጥተው ውለዋል። ስታኞ የነካው አንድም ብረት የለበትም አለኝ። "ከዋሸሁ ማሽንሽ ይናገር።"

ጉንጩን ልስመው ስል ታክሲ ያመልጠኛል ብሎ ሄደ። ከኋላው አየሁት። ትከሻው ጎብጧል። መቼ ነው የጎበጠው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

አዲሱ ድስት አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ተመዘገበ። ከሰባት ጋር ጎን ለጎን ሲታይ እርሳሱ በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ እጅ የሠራቸው አይመስሉም። አላመንኩም፣ ደገምኩ፣ ያው።

ለአባዬ ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው ዜሮ ነው ወይ የሚል ነበር። ዜሮ አይደለም፣ ትንሽ አለ አልኩ።

"እንግዲያው ገና ነው" ብሎ ዘጋው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ሁለት መጥፎ ነገር በአንድ ቀን።

አንደኛ። ጋሽ ከድር ተለዩ። ከዚህ በኋላ ራዲያተር እዚህ ቤት አይቀልጥም አለ አባዬ። እንግዲያው እኔም እዚህ ቤት የለሁም አሉ። የራሳቸውን መሣሪያ በጋሪ አስጭነው ሦስት በር አልፈው ሌላ ቤት ገቡ። ያን ሁሉ ዘመን አብረው ኖረው መለያየቱ አንድ ጠዋት ብቻ ፈጀ። አባዬ ምሳ አልበላም። በልጄ ምክንያት አላለም። እንዳላለ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ። ዶ/ር መስፍን ሰባት ካልወጣ ጥናቴን መርማሪዎች ፊት እንዳቀርብ አልፈርምም አለ። በቃ።

ስለዚህ ተዋጋሁ። የጥቅም ግጭት ነው ያልከው? እሺ። እትዬ አስቴር ሁሉንም ናሙና አዲስ ቁጥር ሰጡ። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ተቀመጠ። የሚለካው የማያውቀኝ የሌላ ክፍል ተማሪ ነው፤ እኔ ላቡ አካባቢ አልደርስም። ሰባት የአባቴ መሆኑን ጥናቱ መግቢያ ላይ በደማቅ ጽፌአለሁ። ስሌቱንም ሰባት ኖሮበትም ሰባት ሳይኖርበትም ሠርቻለሁ። ለድኅረ ምረቃ ኮሚቴው ደብዳቤ አስገባሁ፣ ግልባጭ ለዶ/ር መስፍን። ስፈርም ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። እንደገና አተምኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

ፖስታው ተከፈተ። ያው ቁጥር። ሰባት ሰባት ነው።

ዶ/ር መስፍን ፈረመ። ቀና ብሎ አላየኝም። በሩ ጋ ስደርስ ግን ጠራኝ። ሲጠይቁሽ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ መልሺ አለ። አመሰገንኩ። ከልቤ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

አልፌአለሁ። አሁን ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ ሳይጠፋብኝ።

ሦስት መርማሪዎች። ዶ/ር መስፍን ጥግ ላይ። ከኋላ ተማሪዎች፣ እትዬ አስቴር፣ እማዬ፣ አባዬ። አባዬ ዛሬም ያን ነጭ ልብስ ለብሷል። ልምጣ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሃያ ደቂቃ አቀረብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ውሃ ጠጣሁ። ጥያቄዎቹ ጥሩ ነበሩ፣ ከባድ ነበሩ። ከውጭ የመጣው መርማሪ ግን ወደ ሰባት ሄደ፣ እንደፈራሁት። የዚህ ሥራ ቤት ባለቤት ውጤቱን ያውቃል? ወይስ ልጁ ስለሆንሽ ሳታስፈቅጂው ስሙን አጠፋሽ?

አፌን ከመክፈቴ ከኋላ ወንበር ተንጓጓ።

"ያውቃል" አለ አባዬ። "እኔ ነኝ። ሰባት የኔ ነው።"

ሰብሳቢው ታዳሚ ያለ ፈቃድ አይናገርም አለ። መርማሪው ግን ይናገሩ አለ።

"መጀመሪያ ስትነግረኝ ተቆጥቼ ነበር። የስንት ዓመት ጓደኛዬም በዚህ ተለየኝ። አሁን ራዲያተር አላቀልጥም። ግን ጌቶቼ፣ እኔ ሰው የሚበላበትን ዕቃ ስሠራ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ምን እያስገባህ ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እሷ ናት የመጀመሪያዋ።" እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። "እናንተ ይህን ሁሉ እያወቃችሁ የት ነበራችሁ?"

ተቀመጠ። ዶ/ር መስፍን መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ አየሁት፣ ብዙ ሲጠርግ።

ከአነስተኛ እርማት ጋር አልፋለች ተባለ። እማዬ እልል አለች፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በጎን ክፍል ፈተና እየተሰጠ ሳለ። እትዬ አስቴር አቅፈውኝ አለቀቁኝም።

በኋላ ሰብሳቢው ለብቻዬ ጠራኝ። እንኳን ደስ ያለሽ። ነገር ግን የሚመለከተው አካል እስኪያየው ውጤቱን ወደ ውጭ ባታወጪው ይሻላል። የሚመለከተው አካል ማን ነው አልኩ። ይጣራል አለ። መቼ? ይጣራል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

አባዬ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲለቅም ዋለ። ወገቡን ያመዋል። ደንበኞቹ ዘገየህ ብለው ግማሾቹ ሄደዋል፣ ወደ ጋሽ ከድር። እዚያ ራዲያተር እየቀለጠ ነው፤ በሩ ላይ ተቆልሎ አይቼዋለሁ። አባዬ ሁለት ጊዜ ደውሎላቸዋል፣ አያነሱም። ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አልክድም። መልሼ ልዋጠውም አልችልም።

የሚመለከተው አካል የሚሉትን ሳስበው ዋልኩ። የሚመለከተው አጥሚት የምታፈላ እናት ናት። የሚመለከተው ምድጃው ፊት የቆመው ሰው ነው። ኢማን ናት።

ስለዚህ ወሰንኩ። አንድ ገጽ፣ በተራ አማርኛ፣ ቀመር የሌለበት። የትኛው ብረት ይግባ፣ የትኛው አይግባ፣ ስታኞው በምን ይታወቃል። ጽፌ ጨርሻለሁ። ለአባዬ አነበብኩለት፣ ሁለት ቦታ አረመኝ፤ እንዲህ አንልም፣ እንዲህ ነው የምንለው እያለ። የሱቅም የሰውም ስም የለበትም፣ የኔ ብቻ ነው ያለው፦ ሐያት ሰይድ፣ ከነስልኬ። ዲግሪዬን ሊያዘገዩት ይችላሉ። ያዘግዩት።

ሰኞ ጠዋት ከበር በር እሄዳለሁ። የመጀመሪያው በር የጋሽ ከድር ነው። አባዬ አብሬሽ ልምጣ አለ። አይሆንም አልኩት፤ አንተን ካዩ ጸብ ነው፣ እኔን ካዩ ቁጣ ብቻ ነው፣ ቁጣ እችላለሁ። ወረቀቱን እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ አንድ ድስት ለናሙና ስጡኝ እላቸዋለሁ። ያባርሩኛል። ማክሰኞ እመለሳለሁ። ማክሰኞም ካባረሩኝ ረቡዕ። ረቡዕም ካባረሩኝ፣ ሐሙስ።